መሐንዲሷ የት ታድራለች?

ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ ሰማይ አያይም። የሚያየው የነጂባ ኢድሪስን መስኮት ነው። መጋረጃው ከተሰቀለ፣ በረንዳው ላይ የልጇ የሪሃና ልብስ ከተሰጣ፣ ከጓሮ የሳህን ድምፅ ከተሰማ ቀኑ ደኅና ነው፤ ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ወርዶ ቲማቲም መዘርጋት፣ ፍየል ማሰር፣ ሻይ መቸርቸር ይቻላል። መጋረጃው ለመታጠብ ከወረደ ግን ከቀትር በፊት ወሬው ቀፊራ ገበያ ይደርሳል። አምና ነጂባ ምንጣፏን አጣቢ ቤት ላከች። ምንጣፉ ጋሪ ላይ ሲጫን ያየ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ዳር ወጣ። እሱን ያየ ሌላው ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የወንዙ አሸዋ ላይ ከአንድ የተኛ ውሻ በቀር የቀረ አልነበረም። ውሻው ስለ ዋስትና ሕግ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሕጉ አጭር ነው። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ፕሮግራም ሁሉ ሰው የሆነ ዋስ ይኑረው፤ ዋሱም ከፕሮግራሙ ሥር ይኑር ይላል። የሊፍት ዋስ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ይኖራል። የትራፊክ መብራት ዋስ ልጆቹን በዚያው ማቋረጫ አሻግሮ ያስተምራል። የጎርፍ ሳይረን ዋስ ደግሞ ለወንዙ በጣም ቅርብ በሆነችው ቤት ይኖራል። ፎቶግራፉ ሳይረኑ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ስሙ ከሥሩ ይጻፋል፤ የሚራገም ሰው ማንን እንደሚራገም ይወቅ ተብሎ ነው። ይህ ዋስ በመንግሥት አጠራር የሶፍትዌር መሐንዲስ ይባላል።

ፕሮግራመር ስድብ ነው። ኮድ የሚጽፈው ማሽን ነው፤ ሰዉ "ጸሐፊው" ይለዋል፤ ሌላ ስም አልወጣለትም። ከሰው እጅ የወጣ መስመር የተገኘበት ፕሮግራም ይታጠባል፣ መስመሩም ይሰረዛል፤ የጻፈው ሰው ይታሰራል። ልጆች ኳስ ላይ ሲጣሉ "አባትህ ፕሮግራመር!" ይባባላሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድንጋይ ነው። ድሮ ፕሮግራመርና መሐንዲስ አንድ ቢሮ ይቀመጡ እንደነበር፣ ልዩነታቸውንም እነሱ ራሳቸው አጥርተው እንደማያውቁት የሚናገሩ ሽማግሌዎች አሉ። አሁን ልዩነቱን ሕፃን ያውቀዋል፤ አንዱ የነካ ነው፣ ሌላው ያልነካ። ነጂባ በዕድሜዋ አንድ መስመር ኮድ ጽፋ አታውቅም። በዚህም የተከበረች መሐንዲስ ናት።

ሥራዋ መጠየቅ ነው። በየሳምንቱ ጸሐፊው ፊት ትቀመጥና ሳይረኑ ቢሳሳት ማን ላይ እንደሚወድቅ፣ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን፣ የሚያውቀው ሰው ቢሞት ማን እንደሚተካው ትጠይቃለች። ጸሐፊው ሁሉንም በትዕግሥት ይመልሳል። ስታበቃ መዳፏን የጸሐፊው መስታወት ላይ ታሳርፋለች፤ ዋስነት የሚፈረመው እንዲህ ነው። ከዚያ ቤቷ ሄዳ ወንዙ አፋፍ ላይ ትተኛለች።

የዋስነት ዘመኗ መስከረም ላይ ያልቅ ነበር። ሳቢያን ሰፈር፣ ከፍታው ላይ፣ አራተኛ ፎቅ የሚገኝ ቤት ተሰጥቷታል። ሪሃና አንድ ቀን ሄዳ አይታው አልጋዋ የሚገባበትን ግድግዳ ሳይቀር መርጣ መጥታለች። ግን ሻንጣ ማውጣት አይቻልም። ነሐሴ ላይ ሻንጣ የታየበት ቤት ገበያ ይበትናል። ስለዚህ ልጅቷ ዕቃዋን የምታዘጋጀው በሐሳቧ ነበር፤ ማታ ማታ ጋደም ብላ "ኡሚ፣ ትልቁን መስታወት ጠቀለልኩት" ትላለች፤ እናቷም "በፎጣ ጠቅልይው፣ እንዳይሰበር" ትላታለች።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቲማቲም ሻጯ አሻ ከታች ሆና ትጮኻለች።

"አንቺ ነጂባ! ዛሬ የት ነሽ?"

"እዚሁ ነኝ!"

"ነገስ?"

"እዚሁ ነኝ አልኩሽ እኮ!"

"እሺ፣ አላህ ያቆይሽ። ግን ከቆየሽ ነው።"

ተቆጣጣሪው አቶ ሲሳይነህ ጓንጉል ከአዲስ አበባ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ያመጣቸው የሐምሌው ጎርፍ ነው። ያን ቀን ሳይረኑ ጮኸ፤ ሰዉ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ፤ ዳር ላይ ቆሞ ብዙ ጠበቀ፣ አንዳንዱም ተሰላችቶ ነጂባን መሳደብ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ውኃው መጣ። ሰው አልሞተም፤ ፍየል እንኳ አልሞተም።

"እርስዎ ወይዘሮ ነጂባ ነዎት?" አሉ፣ የቢሮዋ በር ላይ ቆመው።

"ነኝ። ግባ፣ ቁጭ በል፤ ፀሐይ ላይ አትቁም።"

አቶ ሲሳይነህ "ግባ" ከተባሉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ድሬዳዋ ሕፃኑም ከንቲባውም "አንተ" እንደሚባል ሰምተው ነበር፤ ሆኖም ለእሳቸው አስተያየት ይደረጋል ብለው ገምተው ነበር። ገቡና ተቀመጡ።

"በሐምሌው ጎርፍ የሞተ ሰው አለ?"

"የለም፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ከብት?"

"አንድም።"

"ይህ አያጠራጥርዎትም?"

"ምኑ?"

"ጸሐፊው የጻፈው ውኃው ሦስተኛውን መለኪያ ሲያልፍ ይጩህ ብሎ ነው። ያን ቀን ሳይረኑ የጮኸው ውኃው አንደኛውን እንኳ ሳይነካ ነው። ፕሮግራሙ ከተፈቀደለት በላይ ሠርቷል። አንድ ሰው ነክቶታል ማለት ነው።"

"ታዲያ ሰው ዳነ አይደል?"

አቶ ሲሳይነህ መነጽራቸውን አወለቁ። "ወይዘሮ ነጂባ፣ እንዴት እንደዳነ የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚሞትም አያውቅም።"

ነጂባ ይህን ሰውዬ ለመጥላት ተዘጋጅታ ነበር። የተናገሩት ነገር ትክክል መሆኑ አበሳጫት።

የአቶ ሲሳይነህ የምርመራ ዘዴ የታወቀ ነው። ሰው አይደበድቡም፣ ቤት አይፈትሹም። የተበላሸ ነገር ያስቀምጡና ዳር ሆነው ያያሉ። በማግሥቱ የቢሮው እንግዳ መቀበያ ውስጥ ያለው ተራ ጠሪ ማሽን ተበላሸ። "ቁጥር አሥራ ሁለት" ይላል፤ ቆይቶ እንደገና "ቁጥር አሥራ ሁለት"፤ ከዚያ "ቁጥር አሥራ አራት"። የማሽኑ ክዳን ገርበብ ብሎ፣ የጽሕፈት ሰሌዳው ወጥቶ፣ ማንም እጁን ቢሰድ እንዲደርስበት ሆኖ ተቀምጧል። አቶ ሲሳይነህ ጥግ ላይ ጋዜጣ ይዘው ተቀመጡ። በዚያ ዘመን ጋዜጣ የሚይዝ ሰው ተቆጣጣሪ ብቻ ነው፤ ግን አንድም ሰው አልነገራቸውም።

የነጂባ ምክትል ታጁዲን ዑመር ለሻይ ወጣ። ታጁዲን ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር የሚኖር፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ማሽኑ "ቁጥር አሥራ ሁለት" ሲል ስኳሩን እያማሰለ ቆመ። ሁለተኛ "ቁጥር አሥራ ሁለት" ሲል ማንኪያው ቆመ። "ቁጥር አሥራ አራት" ሲል አንገቱ እንደ ግመል ወደ ስክሪኑ ተሳበ። ሄደና ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ከተተ። ሻዩ በረደ።

ነጂባ ከክፍሏ ወጣች። ማሽኑን ቀና ብላ አላየችም። ግድግዳውን ተደግፎ የሚያንቀላፋ አንድ ሽማግሌ አየች።

"አባባ፣ ስንት ቁጥር ይዘሃል?"

"አሥራ ሦስት።"

"ከመቼ ጀምሮ ነህ?"

"ከጠዋት። አቦ፣ እኔን ትተው ወጣት ነው የሚጠሩት።"

እጁን ይዛ መስኮቱ ጋ አደረሰችውና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። አቶ ሲሳይነህ ጋዜጣውን ገለጡ። የታጁዲን ነገር አልገረማቸውም፤ ስክሪን ላይ የሚያፈጥ ሰው ብዙ አይተዋል። ያሳሰበቻቸው ማሽኑን ሳታየው መበላሸቱን ያወቀችው ናት።

ነጂባ ግን የታጁዲንን እጆች አይታ ነበር።

በቀትር ድሬዳዋ ይተኛል። ሱቆች ይዘጋሉ፣ ባጃጆች ዛፍ ሥር ይቆማሉ፣ ጸሐፊው ብቻ ነቅቶ ይቀራል። ነጂባ ታጁዲንን ከዚራ መንገድ ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር አገኘችው።

"እጅህን ለምን ተቀመጥክበት?"

"ቀዝቅዞኝ።"

"በነሐሴ? በድሬ?"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሚፈራ ሰው ይመስል ነበር፣ ዓይኑ ላይ ያለው ግን ኩራት ነው።

"እኔ ነኝ" አለ። "አምና ነው የጻፍኩት። አንዲት መስመር ናት፣ ትንሽ። ስሚኝማ። ደንገጎ፣ ተራራው ላይ፣ ዝናብ ሲጥል ሰው ምን ያደርጋል? ቁልቁል ይደውላል። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ፣ 'ከአሸዋው ውጣ' ትላለች። አንድ ሰው ቢደውል ወሬ ነው። ደንገጎ ባንድ ጊዜ ወደ ቀፊራ ሲደውል ግን ዝናብ ነው። ሳይረኑ ወሬውን አይሰማም፤ የጥሪውን ብዛት ብቻ ያያል። ውኃው ገና ተራራው ላይ እያለ ይጮኻል። ሠርቷል እኮ! አምና ሁለቴ፣ ዘንድሮ አንዴ።"

"ቆንጆ ነው" አለች። እውነቷን ነበር። ከዚያ ሥራዋን ጀመረች።

"ሠርግ ሲሆንስ?"

"ሠርግ ጥቂት ነው፤ አይሞላም።"

"ኔትወርክ ሲጠፋ?"

"ያኔ የድሮዎቹ መለኪያዎች አሉ።"

"ለማን ነግረሃል?"

"ለማን ልንገር? ልታሰር?"

"ብትሞትስ?"

"እኔ ብሞት መስመሩ አይሞትም።"

"ስለ መስመሩ አልጠየቅኩህም። መስመሩን የሚያውቀው ሰው ማን ነው ነው ያልኩህ።" ጥቂት ተራመዱ። "በዓልስ? በበዓል ሁሉም ይደውላል።"

ታጁዲን ፈገግ አለ፤ ይህን ጥያቄ ሲጠብቀው ቆይቷል። "አስቤበታለሁ! በበዓልና በዋዜማው ጥሪ እንዳይቆጥር አድርጌዋለሁ። አለዚያ ሰው 'ኢድ ሙባረክ' በተባባለ ቁጥር ይጮኽብን ነበር።"

"አረፋ አምና መቼ ነበር?"

"ጳጉሜን ላይ፣ እንቁጣጣሽ ሰሞን። ዝናቡ አልፎ።"

"ዘንድሮስ?"

ታጁዲን አፉን ከፈተ። አረፋ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሸሽ ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ታጁዲንም ከልጅነቱ ጀምሮ በጨረቃ ሲጾምና ሲያከብር ኖሯል። ይህን የሚያውቀው ግን መስጊድ የሚሄደው ታጁዲን ነበር። መስመሩን የጻፈው ታጁዲን የሚያውቀው አምናን ብቻ ነው።

"ነሐሴ" አለ።

በአረፋ ዋዜማ የደቻቱ አሸዋ በዓመት አንዴ እንደሚሞላው ይሞላል። በጉ፣ ፍየሉ፣ ልጁ፣ አሮጊቱ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሳይረኑ ጆሮውን የሚደፍነውም የዚያን ቀን ነው።

"አስተካክለው" አለች።

"በምን እጄ? ሰውዬው ከመጣ ጀምሮ ጸሐፊው ዓይኑን አይከድንም። ጣቴን ባነሣ ያዙኝ።"

"ለሰውዬው እንንገረው እንግዲህ።"

"ያጥቡታላ! ከዚያ የሚቀሩት መለኪያዎቹ ናቸው። መለኪያዎቹ ደለል ውጧቸዋል፤ ጸሐፊው ደኅና ናቸው ይላል። ውኃው የአሻን ቲማቲም ከነአሻ ከወሰደ በኋላ ነው የሚጮኹት። ለአንድ ቀን ብለሽ ክረምቱን ሁሉ ልትገድይው ነው?" ቆመና አያት። "ነጂባ፣ ልትሸጪኝ ነው እንዴ? መስከረም ላይ ሳቢያን ልትገቢ ነው። ንጹሕ ሆነሽ መውጣት ትፈልጊያለሽ።"

"ዝም በል።"

"አይ፣ ንገሪኝ።"

"ዝም በል አልኩህ፤ እያሰብኩ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታጁዲን ሲያያት ሽቶው ብቻ ሰላም ይላታል።

ነጂባ የሚፈቀደውን መንገድ ሞከረች። ጸሐፊው ፊት ተቀምጣ በአረፋ ዋዜማ የአሸዋው ገበያ እንዲዘጋ ጠየቀች። "ሳይረኑ ደኅና ነው" አለ ጸሐፊው፤ "ገበያውን የሚያስዘጋ ምክንያት አልተገኘም። ምክንያት አለዎት?" ነበራት። ምክንያቷ ከዚራ የሚኖር ሰው ነው፤ ስሙን ከጠራች መስመሩም አብሮት ይሄዳል። "የለኝም" ብላ ተነሣች። ቤቷ ስትደርስ አሻ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር።

"ፊትሽ ልክ አይደለም። ምን አለ?"

"ምንም።"

"ሰውዬው ምን ይላል፣ ያ ጋዜጣ አንባቢው?"

"ምንም አይልም።"

"ምንም የማይል ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ አይመጣም። እኛን የደበቃችሁን ነገር አለ፤ ወላሂ አለ።"

በዋዜማው ቀን ረፋዱ ላይ አሸዋው ጢም ብሏል። የበጉ ጩኸት ድልድዩ ላይ ይሰማል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ነጂባ መጋረጃዎቹን አወረደች፣ አጣጠፈች። ከዚያ ሪሃናን ጠራች።

"ፍራሹን በዚያ በኩል ያዢ።"

ልጅቷ ዓይኗ በራ። "ሳቢያን?"

"አክስትሽ ቤት። ለዛሬ።"

"ኡሚ፣ ዋስ ከቤቱ ከወጣ እኮ…"

"አውቃለሁ። ያዢ።"

ፍራሹን በደረጃው አወረዱት፤ በጓሮ በር ሳይሆን በፊት ለፊቱ፣ ቀስ ብለው። ጋሪው ላይ ሲጭኑት ነጂባ ገመዱን ሁለት ጊዜ ፈትታ አሠረችው፤ ሰው ሁሉ እንዲያየው ጊዜ ሰጠችው።

"አንቺ!" አለች አሻ ከታች። "የት ነው?"

ነጂባ አልመለሰችም። በሦስት ዓመት ውስጥ የአሻን ጥያቄ ሳትመልስ ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው። አሻ ጋሪውን አየች፣ ፍራሹን አየች፣ ባዶውን መስኮት አየች፤ ከዚያ የሸራዋን አራት ጫፍ ባንድ ጊዜ ሰብስባ "ያ ጀማዓ! ዋሷ ወጣች!" ብላ ጮኸች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ድሬ ለብዙ ጊዜ ሲያወራው ኖሯል። አንድ ወጠጤ ፍየል ፋርማሲ ገብቶ ባለፋርማሲዋን ከጠረጴዛ ጀርባ አግቶ ያዛት። ሁለት ወንድማማቾች አንድ በግ በፊትና በኋላ እግሩ ይዘው፣ አንዱ ወደ ከዚራ፣ ሌላው ወደ ማዶ ወደ መጋላ ሲጎትቱ ታዩ። የረገጡት ቲማቲም አሸዋውን አቀላው። ቀትር ሳይሆን ወንዙ ባዶ ሆነ፤ ዳርና ዳሩ ደግሞ በሰው ተሞላ። ሰዉ ቆሞ ጠበቀ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ ወረደች። ማታ ሆነ።

ውኃ አልመጣም። ጠብታ አልመጣም።

አሻ የነጂባን እህት ቤት ጠይቃ መጣች። አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆመች።

"ሰማዩን አየሽው? እንደታጠበ ሳህን ነው። የልጆቼን አረፋ በላሽው። ምን አጠፋንሽ? ሦስት ዓመት በመስኮትሽ ስናምን ኖርን፤ ስትጫወቺብን ነበር?"

ነጂባ የምትመልሰው ብዙ ነገር ነበራት፤ አንዱንም መናገር አትችልም። "አፉ በይኝ አሻ" አለች።

"አልልም" አለች አሻና ሄደች።

ከእሷ በኋላ ታጁዲን መጣ። በብዙ ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ፈገግታው ነው። "ሳይመጣ ቀረ እኮ!" አለ። "አየሽ፤ በከንቱ ነው የተጨነቅሽው። መስመሩ አልተሳሳተም።"

"ዝናቡ ነው ያልመጣው። መስመሩ ዛሬ ምን አደረገ?"

"ምንም… አላደረገም።"

"ቢመጣስ ምን ያደርግ ነበር?"

ታጁዲን መልሱን ያውቀው ነበር። ስላልመጣ ዝናብ ይህን ያህል ለምን እንደምታስብ ነው ያልገባው። ከልቡ አልገባውም።

በዓሉ ሲያልፍ አቶ ሲሳይነህ ሁለቱንም ጸሐፊው ያለበት ክፍል አስጠሩ። ጋዜጣውን ትተውት ነበር።

"ዋስ ከቤቱ የሚወጣው ሁለት ጊዜ ነው" አሉ ለነጂባ። "ዘመኑ ሲያልቅ እና ነገር ሲያውቅ። የእርስዎ ዘመን አላለቀም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ሳይረኑ አልጮኸም፤ እርስዎ ግን ወጡ። ያን ቀን ሳይረኑ ምን እንደማይሰማ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ተራ ጠሪው ማሽን ሲበላሽም ቀና ብለው ሳያዩት ያውቁ ነበር።"

"ሰውየውን አየሁት።"

"ሰውየው ላይ ኮድ የለም።"

"እሱን ነው እኮ የምልህ።"

አቶ ሲሳይነህ ይህን ለመረዳት ሞከሩና ተዉት። "ጽፈዋል?"

"አልጻፍኩም።"

"ማን ጻፈው?"

ታጁዲን ወለሉን ያይ ነበር። ላብና ሽቶ ተቀላቅሎ ክፍሉን ሞልቶታል።

"ስሙን ከነገሩኝ" አሉ ተቆጣጣሪው፣ በለሆሳስ ማለት ይቻላል፣ "ሰውየው ይታሰራል፣ ፕሮግራሙ ይታጠባል፣ እርስዎ መስከረም ላይ ሳቢያን ይገባሉ። ዝም ካሉ ፈቃድዎ ይሰረዛል፤ ሳቢያንም ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ያው ይታጠባል። ስለዚህ ዝምታዎ ፕሮግራሙን አያተርፈውም።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

አቶ ሲሳይነህ ቅር እያላቸው፣ ሐቀኛ ሰው ስለሆኑ ብቻ፣ ተናገሩ። "ማደጎ የሚባል አለ። አባቱ ያልታወቀ ኮድ ሲገኝ አንድ መሐንዲስ እንደ ልጁ ሊያሳድገው ይችላል። አባቱ አይፈለግም፣ ኮዱ አይታጠብም፤ የሚያሻሽለውም አሳዳጊው በሚያዘው ነው። ግን አሳዳጊው ሌላ አሳዳጊ እስኪገኝ ድረስ ከሥሩ ይኖራል። ዘመን የለውም።"

"የወሰደ ሰው አለ?"

"እኔ አላጋጠመኝም።"

ነጂባ ዞር አለች። "ታጁዲን፣ አንተም መሐንዲስ ነህ። ማደጎውን ትወስደዋለህ?"

ታጁዲን ምንም ወንጀል ማመን አያስፈልገውም። የገዛ ልጁን ማደጎ ሊወስድ ነው የተጠየቀው፤ ቅጣቱ አንዲት ቤት ናት፣ በረንዳ ያላት፣ ነፋስ የምታገኝ።

ታጁዲን ጉሮሮውን ጠረገ። "ወንዝ ዳር" አለ፣ "ለልጆች ጥሩ አይደለም።"

አቶ ሲሳይነህ ታጁዲንን ለረጅም ጊዜ አዩት። በዚያች ቅጽበት ፍለጋቸው ያበቃ ይመስላል። ሆኖም አባቱ እንዲፈለግ ሕጉ የሚፈቅደው አሳዳጊ ሲጠፋ ነው፤ ነጂባ ደግሞ ተነሥታ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ነበር።

"የማደርገው ነገር አለ" አለች። "በበዓል ዝም እንዲል አልፈልግም። በበዓል ቀን የዛሬውን ጥሪ ካለፈው በዓል ጥሪ ጋር ያወዳድር፤ ከዚያ ከበለጠ ይጩህ። ጸሐፊው ይጻፈው። ምን እንደሚሠራም ለአሻ እነግራታለሁ፣ ለባለፋርማሲዋም እነግራታለሁ፤ እኔ ብሞት የሚያውቅ ይኑር።"

"ለቲማቲም ሻጭ?"

"አሸዋው ላይ የምትውለው እሷ ናት።"

"ያሉት ማሻሻያ ይሠራል?" አሉ አቶ ሲሳይነህ። ጥያቄው የተቆጣጣሪ አልነበረም።

"አላውቅም። ተሞክሮ አያውቅም። የሚሞከረው ክረምት ላይ በሚውል በዓል ብቻ ነው።"

ሲወጡ ታጁዲን ኮሪደሩ ላይ ተከተላት። እጇን ሊይዝ ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም። "ነጂባ፣ ወላሂ… ውለታሽን… እኔ እኮ የጻፍኩት ብቻ ነው" አለ።

"አውቃለሁ" አለች፤ ያለ ቁጣ።

ፍራሹ በዚያው ጋሪ ተመለሰ። አሸዋው ላይ የነበሩት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው፣ በደረጃው ሲወጣ፣ በበሩ ሲገባ አዩት። ማንም ሰላም አላላትም። አሻ ጀርባዋን ሰጥታ ቆየች፤ ከዚያ ሸራዋን ዘረጋችና ቲማቲሞቿን አንድ በአንድ መደርደር ጀመረች።

ሪሃና መጋረጃውን ለመስቀል ወንበር ላይ ወጥታ ነበር። ሳቢያን የመረጠችው ግድግዳ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

"እስከ መቼ ነው?" አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

"ይኼ ነገር ታምኖ ሌላ አሳዳጊ እስኪያገኝ። አረፋ ከክረምት እስኪወጣ።"

"አምስት ዓመት ነው ኡሚ።"

"ሊሆን ይችላል።"

"ከዚያስ? ከዚያ እንወጣለን?"

ነጂባ የመጋረጃውን ሌላ ጫፍ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ወራቱን ወደ ኋላ ቆጠረች። ልትዋሽላት ፈልጋ ነበር።

"ከዚያ" አለች፣ "ትንሽ ቆይቶ መውሊድ ክረምት ውስጥ ይገባል።"